ድሮ ቀረ! ለከተማችን ናፋቂዎች የቀረበ ምስጋና

ጅማ ውስጥ ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ ሰው አለ። ቡና ነጋዴው አይደለም፤ የሱ ስም በየሰርጉ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ሐኪሙም አይደለም። እኔ የምለው ስልኩ ላይ የካሴት ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «ድሮ ቀረ!» ብሎ የሚጽፈውን ወዳጃችንን ነው። ዛሬ የሱን ዕዳ ልክፈል።

እስቲ ድካሙን እዩለት። ስልኩ ባለ ሦስት ካሜራ ነው። ካሴቱን ያነሳው በሱ ነው። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደረገው በሱ ነው። አቧራና ጭረት የጨመረበትም በሱ ነው፤ ካሴቱማ ንጹሕ ነበር። ከዚያ «ይሄ ስልክ የሚሉት ነገር ሰውን ከሰው ለያየው» ብሎ ጽፎ፣ በአንድ ጊዜ ለአሜሪካ ዘመዱ፣ ለዱባይ እህቱና ለአጋሮ አክስቱ አደረሰው። ሦስቱም ወዲያው የእንባ ምልክት መለሱለት። በዚህ ፍጥነት ስለ ዝግታ የሰበከ ሰው አላውቅም።

ናፍቆት በከተማችን ሰዓት አለው። ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ፈረንጅ አራዳ አንዱ ካፌ በረንዳ ላይ ወይም በርጫ ላይ ይጀመራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አንዱ «ኧረ ያ ጊዜ!» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ነው በጋ ነው ብሎ ብዙ አይጨነቅም። ቡናችን ወቅት ይጠብቃል፤ ናፍቆታችን ግን ዓመቱን ሙሉ ይለቀማል።

«የካሴት ድምፅ ነፍስ አለው» ይላሉ ሊቃውንቱ። እውነት ነው። ነፍስ ስለነበረውም ይሞት ነበር። ቴፑ ክሩን ሲበላው ቤቱ በሙሉ ይሯሯጣል። እስክሪብቶ ተፈልጎ፣ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ፣ ክሩ ቀስ እየተባለ ይጠመዘዛል። ፊሊፕስ ካሴትን በፈረንጆቹ 1963 ለዓለም ሲያስተዋውቅ እስክሪብቶ አብሮ አልሸጠም። የቀረውን የጨረስነው እኛ ነን። ክሩ ከተበጠሰም በፕላስተር ይቀጠላል። ከዚያ ወዲያ ዘፋኙ እዚያ ቦታ በደረሰ ቁጥር አንድ ቃል ይውጣል። እኛም አብረን ስንዘፍን ያችን ቃል መዋጥ ለመድን።

ማስቀዳትም ነበር። የምትወዳቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ጽፈህ ለሙዚቃ ቤቱ ትሰጣለህ። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ፊቱ 30 ደቂቃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የመጨረሻው ዘፈን መሃሉ ላይ ቀጭ ይላል። ዘፋኙ የለመናት ልጅ እሺ ትበል እምቢ ትበል ሳናውቅ ያደግን ብዙ ነን። የዛሬ ወጣት ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ምን ጉጉት ቀረለት?

የባትሪ ድንጋዩስ? ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጅማ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ራሱ ጸሎት ይፈልጋል። እምቢ ካለች ድንጋዩ በጥርስ ይነከሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዘፋኙ ጎረምሳ ሆኖ የጀመረውን ዘፈን ሽማግሌ ሆኖ ይጨርሰዋል። በአንድ ካሴት ሁለት ዘፋኝ ማለት ነው። እስቲ ይሄን የሚሰጥ አፕ አምጡ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ፤ የናፍቆት ሁሉ እናት እሱ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ነው። ቀለም የመጣው በ1977 መባቻ ግድም፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ጅማ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚታየው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። ናፋቂዎቻችን ይህን «ሰላም» ይሉታል፤ ልክ ናቸው። ሪሞት የሚነጣጠቅ አልነበረም። ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ታያለህ ወይ ትተኛለህ።

ቴሌቪዥኑ በር ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በሩ ቁልፍ አለው። ከላይ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቆማል። የሰፈሩ ልጆች ደጃፉ ላይ ጫማ አውልቀው፣ እግራቸው ተመርምሮ፣ መሬት ላይ ተደርድረው ያያሉ። የቤቱ ባለቤት ዛሬ ይህን ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። «እንዴት ያለ ፍቅር ነበረ! ሰፈር ሙሉ በአንድ ቤት!» ይላሉ። ከተደረደሩት ልጆች አንዱን ጠይቄው ነበር። እሱ የሚያስታውሰው እግሩ ቆሽሿል ተብሎ በመስኮት ያየውን የዋንጫ ጨዋታ ነው። የድሮን ስም የሚያጠፋው እንዲህ ያለው ቂመኛ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንቴናው። አንቴናው ጣራ ላይ ነው፤ ምስሉ ደግሞ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይሄዳል። ልክ የዜና ሰዓት ሲደርስ ስክሪኑ ላይ በረዶ መዝነብ ይጀምራል። ያኔ አንድ ልጅ ጣራ ላይ ይወጣል። አባት ከታች በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ያዛሉ።

«አሁንስ?» ይላል ልጁ።

«ትንሽ ወደ ጅረን መልሰው!»

«አሁንስ?»

«አለፈ! አለፈ! ወደ ቆጪ!»

«አሁንስ?»

«ሰውየው መጣ፤ ድምፁ ቀረ!»

«አሁን?»

«አዎ! አዎ! እንዳትነካው! እዛው ያዘው!»

ልጁ እዚያው ይይዘዋል። እጁን ከለቀቀ ምስሉ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይለቅም። ዝናቡ ይጀምራል። ከታች የአገር ውስጥ ዜና፣ የውጭ ዜና፣ ስፖርት በየተራ ያልፋል። በመጨረሻ የአየር ሁኔታው ይመጣና ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ዝናብ ሊጥል እንደሚችል ይናገራል። ልጁ ይህን ዜና ከሁሉም ቀድሞ ሰምቷል።

ዛሬ «ቤተሰብ አንድ ላይ ዜና የሚያይበት ዘመን» ተብሎ የሚናፈቀው ይኸው ነው። አባትየው አሁን ቀንደኛ ናፋቂ ናቸው። ልጁ ግን አድጎ ዲሽ ገጣሚ ሆኗል። ስለ ድሮ ሲጠይቁት ሒሳቡን ተቀብሎ መሰላሉን ይዞ ይሄዳል።

ስልክም የጋራ ነበር። በሰፈሩ ስልክ ያለው አንድ ቤት ነው። ስልኩ ዳንቴል ለብሶ፣ መደወያው በትንሽ ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ ሲደወል የዚያ ቤት ሠራተኛ በባዶ እግሯ እየሮጠች «ስልክ ተደውሎላችኋል!» ብላ ሰፈሩን ታዳርሳለች። ደዋዩ መስመሩ ላይ ይጠብቃል፤ ሒሳቡም ይቆጥራል። የተጠራችው ሴትዮ ነጠላዋን አጣፍታ ስትደርስ መስመሩ ተቋርጧል። እንደገና እስኪደወል ቁጭ ትላለች። ቡና ይፈላል። «ማኅበራዊ ኑሮ ማለት ይሄ ነበር» ይላል ባለ ስልኩ። ሮጣ የጠራችው፣ ተመልሳም ቡናውን ያፈላችው ልጅ ምን እንዳለች ግን የጠየቃት የለም።

ስልክ ቤት ሄዶ መደወልም ነበር። ቁጥሩን ታስመዘግባለህ፤ ትቀመጣለህ። «አዲስ አበባ! ቁጥር ሁለት ግባ!» ትባላለህ። ሣጥኑ ውስጥ ገብተህ፣ በሩን ዘግተህ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማህ «እወድሻለሁ!» ብለህ ትጮሃለህ። «ምን?» ትላለች። ትደግመዋለህ። «አይሰማም!» ትላለች። ወረፋ የያዙት ሽማግሌ በሩን አንኳኩተው «እንደሚወዳት ንገራትና ውጣ እንጂ፣ እኛም ጉዳይ አለን!» ይሉሃል። ዛሬ ፍቅር በጽሑፍ ተደብቆ ይላካል። ምስክር የሌለው ፍቅር ምኑን ፍቅር ሆነ?

የጅማ መለያ ቁጥር 07 ነበር። በ1998 መጀመሪያ 047 ሆነ። አንድ የማውቃቸው ጋሼ እስከ ዛሬ ይህ ነገር አልተዋጠላቸውም። «አራቷ መሃል ከገባች ወዲህ ስልክ ጣዕም አጣ» ይላሉ። ሞባይል አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ነው፤ ጅማ ከዚያ ቆይቶ ነው የደረሰው። ሌላው ሰው የጨዋነትን መጥፋት ከሞባይል ጀምሮ ሲቆጥር ጋሼ ግን ከአራቷ ይጀምራሉ።

ናፋቂዎቻችን የዘነጉት አንድ ወርቃማ ዘመን ግን አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 መባቻ ድረስ አልተከፈተም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «የት ደረስክ?» የሚል ጽሑፍ የለም። «ለምን አልመለስክልኝም?» የሚል የለም። ዘወትር የሚመኙት ጸጥታ ይኸው በነጻ ተሰጥቷቸው ነበር። ያንን ጊዜ ሲናፍቅ የሰማሁት ሰው የለም። ምናልባት የሚለጠፍ ፎቶ ስለሌለው ይሆናል።

ኖኪያን የሚያነሳ ደግሞ አይጠፋም። «ቻርጁ ሳምንት ይቆይ ነበር!» ይቆያል እንጂ፤ ምን ሲሠራበት ያልቃል? የጽሑፍ ሳጥኑ ጥቂት መልእክት ይቀበልና «ሞልቷል» ይላል። የተረፈው እባቧን መቀለብ ነው። ካርድ ተፍቆ ይሞላል፤ ከተሞላ በኋላም ማንም አይደውልም። ሁሉም ሚስኮል ያደርጋል። አንዱ ሚስኮል «ደርሻለሁ» ነው፤ ሁለቱ «ውጪ» ነው፤ ሦስቱ «አባቴ ቤት አለ፣ እንዳትመጣ» ነው። አንድ ሳንቲም ሳይከፈል አገር ሙሉ ይግባባ ነበር። ይሄን ግን ከልቤ አደንቃለሁ።

ስለ ደብዳቤ ስንት ተባለ! ጅማና አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በዚያ መንገድ አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነስቶ፣ ግቤን ወርዶ ወጥቶ፣ ሲመሻሽ ነበር የሚደርሰው። ደብዳቤው ለሚሄድ ሰው በእጅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በስሙ ሰላም ይልሃል። «እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» ይላል። ጉዳዩ የሚመጣው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው፤ «እናትህ ታመዋልና ቶሎ ድረስ»። ያንን ያነበብክ ዕለት ተነስተህ ትገሰግሳለህ። ደርሰህ ስትገባ እናትህ ድነው፣ ቡና እየቆሉ፣ «አንተ፣ ደብዳቤ እንኳ አትጽፍም?» ብለው ይቀበሉሃል።

ፎቶው አጭር ታሪክ ነው። ፊልሙ 36 ፍሬ ያነሳል። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ኬኩ ሁሉ ይነሳሉ። ከሳምንታት በኋላ ፎቶ ቤቱ «ፊልሙ ተቃጥሏል» ይላል። ጋብቻው ግን ይቀጥላል። ፍሎፒ ዲስክ ደግሞ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነበር። ያ የካሴት ፎቶ በፍሎፒ ይሂድ ቢባል አንዱ ዲስክ አይበቃውም። ዩኒቨርሲቲያችን በ1992 ሲቋቋም የነበሩ ተመራቂዎችን ጠይቁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በሸሚዝ ኪስ ተይዞ ማተሚያ ቤት ሲደርስ «ዲስኩ አልነበብ አለ» የሚባልበትን ቀን ይነግሯችኋል። ሲነግሯችሁ ፈገግ ይላሉ። በዚያ ቀን ግን ፈገግ አላሉም።

ሁሉም ሰው ግን ለዚህ ፍልስፍና አልታደለም። እኛ ሰፈር ያሉ እትዬ ለምሳሌ ምንም አይገባቸውም። አንድ ቀን እሳቸው ዘንድ ቡና እየጠጣን አንዱ ስለ ከሰል ካውያ ጀመረ። «የዛሬ ካውያ ይዳስሳል እንጂ አይተኩስም። በከሰል የተተኮሰ ሱሪ እኮ መስመሩ ሳምንት ይከርማል!» አለ። እትዬ ምንም አልመለሱም። ጓዳ ገብተው ካውያውን አወጡት። ዝገቱ እንዳለ ነው። ከምድጃው ፍም ዛቅ አድርገው ጨመሩበት። አመዱን እፍ ብለው ፊቱ አስቀመጡለት።

«በል ሱሪህን አውልቅ» አሉት።

ሰውየው ቶሎ ብሎ ወደ ቡናው ተሻገረ። በማሽን የተፈጨ ቡና እንደሞተ፣ ቡና ማለት በሙቀጫ የተወቀጠ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። እትዬ ዘነዘናውንም አመጡለት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ሲመጣ የሚያወራው ስለ ኳስ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ስንት ጥልቅ ሐሳብ በአጭሩ ይቀጫል።

ደግነቱ ተተኪ ትውልድ አለን። አንድ ካፌ አለ፤ ግድግዳው ላይ የጽሕፈት መኪና፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ዘንቢል ተሰቅሏል። ካውያው ውስጥ አበባ ተተክሏል። እትዬ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም። ወጣቶቹ እዚያ ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ቆማ «ነፍሴ የድሮ ናት» ብላ ጻፈች። የተወለደችው በ1995 ነው። ካርቦን ወረቀት ነክታ አታውቅም፤ አምስተኛው ቅጂ ላይ አንድ ፊደል ስታ ገጹን ከመጀመሪያው አልጻፈችም። ያልኖረችበትን ዘመን ትናፍቃለች። ከናፍቆት ሁሉ ንጹሑ ይሄ ነው፤ ምንም ትዝታ አልነካካውም።

የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድሮ ጥሩ ከሆነ ለምን ካሴት ላይ እንቆማለን? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚሁ ጅረን አናት ላይ ነው። በሳቸው ጊዜ ሒርማታ ላይ ሐሙስ ገበያ ይቆማል፤ ቡናው በበቅሎ ይጫናል፤ ወሬው ከነጋዴው ጋር በእግሩ ይሄዳል። ያ ነው ንጹሕ ድሮ። ስለ በቅሎ ጭነት እንባ ያቀረረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የያንዳንዱ ሰው ድሮ የሚጀምረው እሱ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ጉልበቱ አይታመምም፣ ፀጉሩ ሙሉ ነው፣ ምሳ የሚያቀርብለት ሌላ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ኋላ ቀርነት፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ብልግና ነው። የጋሼ አባት ደግሞ ሬዲዮ ሰፈሩን እንዳበላሸው ሲናገሩ ነበር ያረፉት።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ውለታ ባዶ ምስጋና አይበቃም። ስለዚህ ከወዳጆቼ ጋር ሆነን አንድ ሐሳብ አመጣን፤ የድሮ ሳምንት። ሰባት ቀን ወደ ድሮ እንመለሳለን። ስልክ ይሰበሰባል። ቴሌብርም ይዘጋል፤ የመጣው በ2013 ስለሆነ ገና የሚናፈቅ ዕድሜ ላይ አልደረሰም። አንድ ቴሌቪዥን ከነሣጥኑ፣ አንድ ስልክ ከነዳንቴሉ፣ ካውያና ሙቀጫ ከእትዬ ቤት ተገኙ። እትዬ «መመለስ አያስፈልግም» ብለው ነው የሰጡን።

ምዝገባው በቴሌግራም ሆነ። በደብዳቤ ይሁን ብለን ነበር፤ ናፋቂዎቹ ራሳቸው «ማን ፖስታ ቤት ይሄዳል?» አሉን። በአንድ ምሽት ተጥለቀለቀ። ዜና የሚያይ ሞላ። የተወቀጠ ቡና የሚጠጣ ሞላ። የተተኮሰ ሱሪ የሚለብስ፣ ስልክ ተደውሎለት የሚጠራ፣ ደብዳቤ የሚደርሰው፣ ሁሉም ሞላ። ጋሼ መለያ ቁጥሩ 07 ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ገቡ። ባለ ሦስት ካሜራው ወዳጃችን ዝግጅቱን በቀጥታ ለማሰራጨት ፈቃድ ጠየቀ።

የሚወቅጥ አልተገኘም። የሚተኩስ አልተገኘም። እየሮጠ የሚጠራም የለም። ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ትንሽ ወደ ጅረን» የሚል ከመብዛቱ የተነሳ ተጠባባቂ መቀበልም አቁመናል። ጣራ ላይ ለመውጣት ስሙን ያስመዘገበ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደስ ብሎን ደወልንለት። ዲሽ ገጣሚው ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡ በሰዓት ነው፤ ዝናብ ካለ እጥፍ ነው ብሎናል።